ከፊደል በቀር ሁሉን አጥፋ

ጥር 6፣ ሰኞ

የሦስቱ ክሊኒኮች መዝገብ ዛሬ ተጠቃሎ እጃችን ገባ። አርባ አንድ ሺህ ሰው። ከየካቲት 4 ጀምሮ ሁሉም ከሆስፒታላችን ጋር በአንድ ሲስተም፣ በአንድ የካርድ ቁጥር ይታከማል ተብሏል። እኔና ጋሼ ኮማ አራት ሳምንት አለን ማለት ነው።

ፋይሉን ስከፍተው ራሴን ያዝኩ። አንዱ ክሊኒክ በስምና በአባት ስም መሃል ሁለት ነጥብ ይከታል። ሌላው ሦስት አራት ክፍት ቦታ ይተዋል። ወንዙ ማዶ ያለው አሮጌው ክሊኒክማ የሌለው ነገር የለም፤ ጥያቄ ምልክት፣ ቅንፍ፣ ኮከብ፣ ባዶ ሳጥን፣ በድሮ ኮምፒውተር ተጽፎ አሁን ሲከፈት ጉንዳን የሄደበት የሚመስል መስመር። አንድ ስም በፍለጋ አልገኝ ብሎኝ ባጠናው፣ በፊደሉ ዐ ፈንታ ዜሮ ቁጥር ገብቶበታል። በዓይን ማን ይለየዋል?

ጋሼ ኮማ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየውና፣ «ይኼ መዝገብ አይደለም ኮማ የተገለበጠ መሳቢያ ነው» አለ። ሃያ ዓመት ማተሚያ ቤት ጽሑፍ ጮክ ብሎ ሲያነብ ስለኖረ፣ ሲያወራም ኮማውን ይጠራዋል። ጡረታው ሊደርስ ነው፤ እኔ የቡድን መሪ፣ እሱ ቡድኑ።

ጥር 8፣ ረቡዕ

ዛሬ ሳቅን። ለስም ዓምዱ «ከፊደልና ከክፍት ቦታ በቀር ሁሉን አጥፋ» የሚል ትእዛዝ ጽፌ በመቶ ሰው ላይ ሞከርኩት። እዝባሩንም ጠራርጎ ወሰደው። ወ/ሮ ሁሉ «ወሮ»፣ ዶ/ር ሁሉ «ዶር» ሆነው ቁጭ አሉ። በአድራሻ ዓምድ «ከት/ቤቱ ጀርባ» የነበረው «ከትቤቱ ጀርባ» ሆነ። ጋሼ ኮማ፣ «ትቤት ማለት አዲስ የተቆረቆረ ሰፈር ነው?» አለኝ።

እዝባሩን አስቀረሁት። ሌላው ይጥፋ።

«ከማጥፋትሽ በፊት የሚጠፋውን ዘርዝረሽ ብታሳዪኝስ?» አለ።

ጊዜ ካለ፣ አልኩት።

ጥር 14፣ ማክሰኞ

ኃላፊያችን ጠዋት መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ «ስንት ፐርሰንት?»

«ስልሳ እንሆናለን» አልኳት። አርባም አንሞላም።

«እኔ ለበላዮቼ ቃል ገብቻለሁ። እንዳታሳፍሪኝ።»

ከሄደች በኋላ ጋሼ ኮማ «ስልሳ» ብሎ ወደ ስክሪኑ ዞረ።

ጥር 16፣ ሐሙስ

ጥድፊያ። ወደ ስብሰባ ስሮጥ ኮሪደር ላይ ስልክ። የአሮጌው ክሊኒክ የመርፌ ክፍል ሲስተር ነኝ አለች። ስለ ኮከቦቹ። ከስሙ ኋላ ያሉት እንዳይጠፉብን አለች። ምንም አይጠፋም፣ አይጨነቁ አልኳት። ነገ ልደውልላት።

ጥር 17፣ ዓርብ

አልደወልኩም። ሁለት ካርድ ያለው ሰው 1,900 ደርሷል። ራሴን እያመመኝ ነው።

ጥር 22፣ ረቡዕ

እትዬ ዛሬ ተቆጣችኝ። ታላቄ ናት፤ እሷ ታች ፀጉር ቤቷን ትሠራለች፣ ላይ አብረን እንኖራለን። እያናገረችኝ ለካ እኔ ሌላ ነገር ላይ ነበርኩ።

«ምን አልኩሽ?» አለችኝ።

«ስለ ማድረቂያው።»

«ማድረቂያው ባለፈው ሳምንት ተሠራ። ስለ ደም ግፊቴ ነው ያወራሁሽ።»

ይቅርታ ጠየቅኋት። «ይቅርታ ስትዪ ትፈጥኛለሽ፤ ስትሰሚ ግን» ብላ ሳትጨርሰው ሳህኑን አነሳች። ሥራው ሲያልቅ ሐኪም ጋ እወስዳታለሁ። እንዲህ ነው ያልኩት፣ ሥራው ሲያልቅ።

ጥር 28፣ ማክሰኞ

አለቀ። ጋሼ ኮማ ጥርሱን ሊያስነቅል ፈቃድ ወጥቶ ስለነበር ብቻዬን ነበርኩ። ትእዛዙን በአርባ አንዱም ሺህ ላይ ለቀቅኩት። ዐሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ ፈለግሁ፤ ጥያቄ ምልክት፣ የለም። ቅንፍ፣ የለም። ኮከብ፣ የለም። አምሳ ስም ዝም ብዬ አነበብኩ። ጥርት ያለ ነው፣ ታጥቦ የተተኮሰ ነጠላ ይመስላል።

ያልታጠበውን ዋናውን ፋይል ለብቻ አስቀምጫለሁ። እሱ ልማዴ ነው።

ጥር 29፣ ረቡዕ

ጋሼ ኮማ ጉንጩ አብጦ መጣ። «ዝርዝሩን ሳታሳዪኝ?» አለ። ጊዜ አልነበረም አልኩት። መናገሩ ስላመመው መልሱን በወረቀት ጻፈልኝ፦ «እሺ።» ከኋላው አራት ነጥብ አለው። እሱ ሲቀየም ነው አራት ነጥብ የሚያደርገው።

የካቲት 4፣ ሰኞ

ሥራ ጀመረ። አንድም ኮምፒውተር አልቆመም። ኃላፊያችን በሁሉ ፊት ስሜን ጠርታ አመሰገነችኝ፣ ተጨበጨበ። ለእትዬ ስነግራት «ታዲያ ሐኪም ጋ መቼ እንሂድ?» አለች። በዚህ ሳምንት አልኳት።

የካቲት 14፣ ሐሙስ

ዛሬ ጠዋት አሮጌው ክሊኒክ አንዲት ልብስ ሰፊ የስፌት መኪና መርፌ ጣቷን ወግቷት፣ አመርቅዞ፣ በትኩሳት ሄደች። ፔኒሲሊን ወጓት። ወዲያው ፊቷ አበጠ፣ መተንፈስ አቃታት። እኛ ጋ አምጥተው ጽኑ ሕሙማን ክፍል አስገቧት። አለርጂ እንዳላት አልታወቀም ነው የሚባለው። የወጋቻትን ሲስተር ከሥራ አግደዋታል፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ናት አሉ።

ምሳ ክፍል ነው የሰማሁት፣ ከጀርባዬ ያለው ጠረጴዛ ሲያወራ። አንዱ፣ «ኮከብ አልነበራትም ትላለች እኮ፣ ምን ማለት ነው ኮከብ?» አለ። ሌላዋ ሳቀች።

ምሳዬን ትቼ ተነሳሁ።

የካቲት 15፣ ዓርብ

ዋናውን ፋይል ከፈትኩ። የልብስ ሰፊዋን ካርድ ቁጥር አስገባሁ። ስሟ፣ የአባቷ ስም፣ ኮከብ።

ከዚያ ኮከብ ያለበትን ሁሉ ፈለግሁ። ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው፣ ሁሉም ከአሮጌው ክሊኒክ። አንድ ኮከብ ያለው አለ፣ ሁለት ኮከብ ያለው አለ። ጋሼ ኮማ ጎኔ ቆሞ ነበር። የድሮው ሲስተማቸው አለርጂ የሚጻፍበት ቦታ አልነበረውም፤ ኮከቡ የካርድ ክፍሉ ሰውዬ የአለርጂ ምልክት ብሎ የፈጠረው ዘዴ መሆን አለበት፣ ስሙ ያለበት ሁሉ ሐኪም ያየዋል ብሎ። ይኼን የነገረኝ ጋሼ ኮማ ነው።

ኃላፊያችን ጋ ገባሁ። ሰምታ ተነሳች። መስኮቱን ዘጋች።

«መመለስ ይቻላል?»

«ይቻላል። ዋናው አለኝ።»

«አሁኑኑ መልሺው። በምሳ ሰዓት፣ ሰው ሳይበዛ። ሌላ ሰው እንዳይጎዳ እሱ ይቀድማል።»

እውነቷን ነው፣ እሱ ይቀድማል። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለቱንም ኮከብ በየቦታው መለስኩ።

የካቲት 18፣ ሰኞ

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ገልጣለች። ትተርፋለች ብለዋል። እፎይ አልኩ። በደረጃው ስወርድ እንቅልፍ ያጣሁበት ሦስት ቀን አንድ ላይ ተሰማኝ።

ኮከቦቹም ተመልሰዋል። ከእንግዲህ ማንም አይጎዳም። ደግሞስ ማን ነግሮኝ ነው? እንደዚህ ያለ ምልክት እንዳለ ማንም አልነገረኝም።

የካቲት 20፣ ረቡዕ

አጣሪ ኮሚቴው ዛሬ ሲስተሯን ጠራት። የኮሚቴው ጸሐፊ ከእኛ ቢሮ ኮምፒውተር ተውሳ ነበርና ልትመልስ ስትመጣ ለጋሼ ኮማ ስትነግረው ሰማሁ።

«ኮከብ ስላልነበረ ነው የወጋሁት ትላለች። ሊቀመንበሩ እዚያው የበሽተኛዋን ካርድ ከፈተው። ኮከቡ ቁልጭ ብሎ አለ። ምንድን ነው ይኼ ሲላት አፏን ከፍታ ቀረች። በዚያ ላይ መዋሸቷ አሳዘነኝ።»

ጋሼ ኮማ ወደ እኔ አልዞረም። ኮምፒውተሩን ተቀብሎ ገመዱን ቀስ እያደረገ ጠቀለለው፤ ገመድ እንደዚያ በጥንቃቄ ሲጠቀልል አይቼው አላውቅም።

ኮከቡን እኔ ዓርብ ነው የመለስኩት። እሷ ሐሙስ ነው የወጋቻት። ይኼን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ነን።

የካቲት 21፣ ሐሙስ

ኃላፊያችን ጋ ድጋሚ ገባሁ።

«ሴትየዋን ውሸታም አሰኘናት» አልኩ።

«ማንም ሆን ብሎ አላደረገም።»

«ኮሚቴው ኮከቡ ከመጀመሪያው የነበረ ነው የመሰለው።»

«ኮሚቴው ኮከብ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ኮከብ አለ። ምን ልጨምርበት? አንቺን ብቻ የሚነካ መሰለሽ? የሦስት ዓመት ሥራ ነው። ነገ ማንም ይኼን ሲስተም አያምነውም።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ በሽተኛዋን መጠየቅ ነበረባት። እሱ የነርስ ሥራ ነው።»

ይኼም እውነት ነው። በሽተኛዋ በትኩሳት ስትቀባዥር ምን እንደምትመልስ እንጃ እንጂ።

እሺ ብዬ ወጣሁ። ለምን እሺ እንዳልኩ አላውቅም።

የካቲት 24፣ እሑድ

እትዬን ለመርዳት ፀጉር ቤት ወርጄ ፎጣ ሳጣጥፍ ዋልኩ። የምትተኮሰው ሴትዮ ከመስታወቱ እያየች ታወራለች። «ሰው ልትገድል የነበረችው ነርስ እኛ ሰፈር ናት። ልጆቿ ትምህርት ቤት ምን እየተባሉ እንደሆነ ብትሰሚ። መዝገቡ ላይ ተጽፎ እያለ አላየሁም አለች አሉ። ዓይኗን በጨው አጥባ።»

ፎጣውን አጣጠፍኩ። መልሼ ዘረጋሁት። እንደገና አጣጠፍኩ።

ሴትዮዋ ስትሄድ እትዬ በሩን ገርበብ አድርጋ መጣች። «አንቺ ምን ሆነሻል?» አለችኝ። ሁሉን ነገርኳት። ኮከቡን፣ ኃላፊያችንን፣ ኮሚቴውን። ማንም ስላልነገረኝ ነው ብዬ ጨረስኩ።

«ማንም?» አለች። እንዲሁ ነው የጠየቀችው፣ ነገር ፈልጋ አይደለም።

ላይ ወጥቼ ይኼን ደብተር ገለበጥኩ። ጥር 16። በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ። «ምንም አይጠፋም፣ አይጨነቁ አልኳት።» የመርፌ ክፍል ሲስተር። ያቺው ናት፤ ክሊኒኩ ሌላ መርፌ ክፍል የለውም። ምን እያለችኝ እንደሆነ ሳይገባኝ፣ ስልኩን እንድትዘጋልኝ ብዬ ነው ያልኳት። እሷ ግን አመነችኝ። ኮከብ ሳታይ ስትቀር፣ አለርጂ የለባትም ብላ የወጋቻት እኔን አምና ነው።

በነጋታው ደግሞ «አልደወልኩም» ብዬ ጽፌያለሁ። ረስቼው አልነበረም ማለት ነው። ማንም አልነገረኝም ያልኩት ግን ሰኞ ዕለት ነው፣ በዚሁ ብዕር።

እትዬ ተከትላኝ ወጣች። እንደ ልጅነታችን ራሴን ጭኗ ላይ አስደግፋ ፀጉሬን ፈታችው። ስትጨርስ፣ «ማክሰኞ ያንን ጥቁሩን ቀሚስ ልበሺ፣ ያኛው ተጨማድዷል» አለች። ማክሰኞ ኮሚቴው እንደሚሰበሰብ ነግሬያት ነበር። ወደዚያ እሄዳለሁ ግን አላልኳትም።

የካቲት 26፣ ማክሰኞ

ሲስተሙ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠ ይመዘግባል። የየካቲት 15ን ገጽ አተምኩ። ስሜ፣ ሰዓቱ፣ ሦስት መቶ ዐሥራ ሁለት። የጥር 28ንም አተምኩ። ጋሼ ኮማ ከማተሚያው ላይ ቀድሞ አነሳውና አየው፣ አስተካክሎ ሰጠኝ። «ኮት ልልበስ?» አለ። አብሬሽ ልግባ ማለቱ ነው። ብቻዬን ይሻላል አልኩት።

ክፍሉ ጠባብ ነው። ሐኪሙ ሊቀመንበር፣ የሰው ኃይል ኃላፊው፣ ጸሐፊዋ። ሲስተሯ ግድግዳ ጥግ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ ይዛ ተቀምጣለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየኋት። ቀጭን ናት። ከድምጿ ወፍራም መስላኝ ነበር።

«ቀጠሮ አለሽ?» አለኝ ሊቀመንበሩ።

«የለኝም። ኮከቡን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ወረቀቶቹን አስቀመጥኩ። ጥር ላይ እንዴት እንደጠፋ፣ ሴትየዋ በተወጋች ማግስት እንዴት እንደመለስኩት ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ቀኖቹን በጣቱ እየተከተለ ሁለት ጊዜ አነበበ።

«ስለዚህ ሐሙስ ዕለት ስክሪኑ ላይ ኮከብ አልነበረም።»

«አልነበረም። ሲስተር የተናገሩት እውነት ነው። ደግሞ ከአንድ ወር በፊት ደውለው አስጠንቅቀውኛል። አይጠፋም ያልኳቸው እኔ ነኝ።»

ሲስተሯ ያን ጊዜ ቀና አለች። «አንቺ ነሽ?» አለች። ከዚያ በኋላ፣ «እርስዎ ነዎት?» ብላ አስተካከለችው። ያ መታረሙ ገባኝ፤ ወደ ሩቅ ሰው አዛወረችኝ።

«መመለሱን ማን አዘዘ?» አለ የሰው ኃይል ኃላፊው።

«ኃላፊዬ እንድመልስ ነገረችኝ። መመለሱ ልክ ነበር። ዝም ማለቱ ግን የሁለታችን ነው።»

እንዲህ ነው ያልኩት። ከዚህ የተሻለ አባባል ስፈልግ ዋልኩ፣ አላገኘሁም።

መጋቢት 3፣ ማክሰኞ

ውሳኔ ወጣ። የሲስተሯ እገዳ ተነሳ። «በሽተኛዋን ወይም አስታማሚዋን ደግማ መጠየቅ ነበረባት» የሚል ማሳሰቢያ ግን ተጽፎባታል። እኔ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ፣ ከቡድን መሪነትም ተነሳሁ። ኃላፊያችን በቃል ተወቅሳለች አሉ። በኮሪደር ስንተላለፍ ሰላም አትለኝም።

ጋሼ ኮማ ተጠባባቂ መሪ ሆነ። ደብዳቤውን አንብቦ፣ «አሁን ዝርዝር ማየት እችላለሁ ማለት ነው» አለ። ከዚያ ተጸጸተ መሰለኝ፣ ዳቦውን ከሁለት ቆርሶ ግማሹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ።

መጋቢት 5፣ ሐሙስ

ልብስ ሰፊዋ ቤቷ ገብታለች። ሄድኩ። በሩን ባሏ ከፈተ። ማን እንደሆንኩ ስነግረው መንገዱን ዘግቶ ቆመ።

«አሁን ደግሞ ምን ልታጠፊ መጣሽ?»

ከውስጥ በደከመ ድምፅ፣ «ተዋት ትግባ፣ ቆማ ምን ትሠራለች» አለች ሚስቱ።

አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጣቷ ገና በፋሻ ተጠቅልሏል። ይቅርታ ጠየቅኋት። ስትሰማኝ ቆይታ፣ «አራት ቀን ምንም አላስታውስም» አለች። «የባሰብኝ እሱ ነው። ልጄ እየመጣች አናግራኝ ነበር አሉ። ምን እንዳለችኝ አላውቅም።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም። ተነስቼ ስወጣ ባሏ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተልኝ። ለመሸኘት ይሁን ለመገላገል እንጃ።

መጋቢት 10፣ ማክሰኞ

እትዬን ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ግፊቷ ከፍ ብሏል፤ መድኃኒት ጀመረች። ተራ ስንጠብቅ ያወራችኝን ሁሉ ሰማሁ። ማድረቂያው እንደገና ተበላሽቷል።

መጋቢት 17፣ ማክሰኞ

ኮሚቴው ሌላም ወስኗል፤ አለርጂ የሚጻፍበት የራሱ ዓምድ ይሠራ፣ ኮከብ ያለው ሰው ሁሉ ተደውሎለት ምን እንደማይስማማው በቃል ይጻፍ። እንዲሠሩት የተመደቡት እኔና ሲስተሯ። ማን እንዳሰበው አላውቅም፣ ጋሼ ኮማን እጠረጥራለሁ።

አሮጌው ክሊኒክ መርፌ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ስልክ። እሷ ትደውላለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ዛሬ አምሳ ሁለት ሰው። ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። አንድ ሽማግሌ፣ «የማይስማማኝማ አማቴ ናት» ሲሏት ሳቋን ዋጠችው። እኔም ዋጥኩት።

መጋቢት 23፣ ሰኞ

ሁለት መቶ አርባ አለፍን። ስድስቱ ሞተዋል፤ ሲስተሯ ያንን ስትሰማ ስልኩን ዘግታ ስማቸውን አንዴ ትጠራለች፣ ከዚያ ቀጣዩን ትደውላለች። ያስታመመቻቸው ሰዎች ናቸው።

ዛሬ ሳልጠይቃት ተናገረች። «ልጄ፣ እናቴ አልዋሸችም ብዬ ለጓደኞቼ ወረቀቱን ልውሰድላቸው አለችኝ። የኮሚቴውን ደብዳቤ።»

«ሰጧት?»

«ሰጠኋት። ተጨማድዶ ተመለሰ፣ ግን አንብበውታል።»

«የመጨረሻውን ቁጥር ደግመው ይንገሩኝ» አልኳት። ነገረችኝ። ጻፍኩ።

መጋቢት 26፣ ሐሙስ

ልብስ ሰፊዋ ክሊኒኩ መጣች። ፋሻዋ ተፈቷል፤ ባሏ ውጭ ቆሞ ይጠብቃታል። ሲስተሯ ተነስታ ወንበር ሰጠቻት። ከዚያ ልብስ ሰፊዋ፣ «ኮሚቴ ፊት እንዳቆሙሽ ሰማሁ» አለቻት። «አዎ» አለች ሲስተሯ። «እኔም ቢጠይቁኝ እነግራቸው ነበር፣ ግን ራሴን አላውቅም ነበር» አለች ልብስ ሰፊዋ። ሲስተሯ እጇን ይዛ ጣቷን ገልብጣ አየችው። «ጥሩ ድኗል» አለች።

ወደ እኔ ዞረች ልብስ ሰፊዋ። «የት ነው የተጻፈው? አሳዪኝ።»

ስክሪኑን አዞርኩላት። ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፤ ፔኒሲሊን አይስማማትም።

«ይኼ አይጠፋም?»

ሲስተሯ አየችኝ። መልሱ አፌ ላይ ነበር፣ ዋጥኩት።

«አይጠፋም ብዬ ልምልልዎ አልችልም» አልኩ። «ቅጂ አለው፣ የሚቆጣጠረውም ሰው አለ። ግን እርስዎም ጽፈው ይያዙት።»

«ወረቀት በኪስ ይታጠባል» አለች። ትንሽ አሰበች። «ፊደሉን ተለቅ አድርገሽ ጻፊልኝ። በኮቴ ገበር ላይ እሰፋዋለሁ። የምወድቅ ከሆነ የሚያነሳኝ ሰው መጀመሪያ የሚፈታው ኮቴን ነው።»

ወረቀት ዘረጋሁ። የመጀመሪያውን ፊደል ስጀምር ጠረጴዛው ላይ ደገፍ ብላ አየችኝ።

«ጫፉን አታቆላልፊው፣ ክሩ ይይዘዋል። ቀጥ ቀጥ አድርጊው።»

ቀጥ ቀጥ አድርጌ ጻፍኩላት። ሲስተሯ አነበበችው፣ ልብስ ሰፊዋም አነበበችው። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችውና ባሏ ወደሚጠብቃት ወጣች። የቀሩን ዐሥራ አራት ሰዎች ነበሩ። ሲስተሯ ስልኩን አነሳች።